ጥቁሩ ጨርቅና የላዳዋ ኮፈን

ካለፈው ወር ወዲህ በወርክሾፑ በር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ የሚጠይቀን ጥያቄ አንድ ነው። «ያቺ ላዳ ኮፈኗን እሳት ነካባት እንዴ?» ይለናል። እሳት አልነካባትም። የጠቆረው ከካርቦን ፋይበር ስለ ተሠራ ነው፤ የሠራነውም እኛው የአውቶ ክፍል ሠልጣኞች ነን። ይህን ሲሰማ አንዳንዱ ተደንቆ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ግን አይለቀንም። «ታዲያ ይህ ለእናንተ ምን ያደርግላችኋል? ነገ ተመድባችሁ የምትሄዱበት ትምህርት ቤት እኮ አንድ ደህና ሞርሳ እንኳ ላይኖረው ይችላል» ይለናል።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከውጭ ብቻ የተነሣም አይደለም፤ ከእኛው መካከል እኩሌቶቹ ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ሲጠይቁት የከረሙት ነው። ስለሆነም ያየነውንና የሠራነውን እንዳለ በዚህች ግድግዳ ላይ ለመጻፍ ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ጥቂት እንበል። ጭቃ ቤት ሲመረግ ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ጭቃው ብቻውን ቢመረግ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭዱም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ አንድ ላይ ተረግጠው ሲቦኩ ግን ጭዱ ስንጥቁን ይይዛል፣ ጭቃው ደግሞ ጭዱን በቦታው ያቆመዋል። ፋይበር ግላስም ሆነ ካርቦን ፋይበር ነገሩ ይኸው ነው። ጭዱ ክሩ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ሬዚን የሚባለው፣ ሲቀዳ እንደ ማር የሚዝለገለግ፣ ማጠንከሪያ ሲገባበት ግን ደንድኖ የሚቀር ፈሳሽ ነው። አንድ ጊዜ ከደነደነ በኋላ እንደ ሰም ወይም እንደ ላስቲክ በእሳት መልሶ ማቅለጥ የለም። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የካርቦኑ ክር አሠራር ያስገርማል። መነሻው ፖሊአክሪሎናይትራይል የሚባል፣ የሹራብ ክር ከሚሠራበት ከአክሪሊክ ጋር አንድ ወገን የሆነ ነጭ ክር ነው። መጀመሪያ አየር ባለበት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበሳል፤ ቀጥሎ ኦክሲጅን በሌለበት ምድጃ ከ1000 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ኦክሲጅን ስለሌለ አይነድም፤ ሌላው ሌላው ነገር በጋዝ መልክ እየወጣ ይሄድና ካርቦኑ ይቀራል። ከሰል አክሳዮች ክምሩን በአፈር የሚደፍኑት ለምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይሆንበትም። የአንዷ ክር ውፍረት ከ5 እስከ 7 ማይክሮን ነው፤ የሰው ጠጉር ከእርሷ አሥር እጥፍ ያህል ይወፍራል። በእኛ ጨርቅ ላይ በዓይን አንድ ክር መስሎ የሚታየው 3000 እንደዚህ ያሉ ክሮች በአንድነት የተሰበሰቡበት ነው።

የታሪኩንም መንገድ በአጭሩ ማወቅ ደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሮጀር ቤከን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለውን የካርቦን ክር አገኘ። በጃፓን አኪዮ ሺንዶ ከላይ ያነሣነውን ነጭ ክር መነሻ አድርጎ ሠራበት፤ በዚያው በ1960ዎቹ ውስጥ እንግሊዞች በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያቸው አሻሻሉት። ነገር ግን ዝናው ከችሎታው ቀድሞ የሮጠበት ጊዜም ነበር። ሮልስ ሮይስ አርቢ211 ለተባለው የአውሮፕላን ሞተሩ የፊት ማራገቢያ ምላጮቹን ከዚህ ነገር ሊሠራ ተነሣ፤ በ1970 የወፍ ግጭት ሙከራ ላይ ምላጮቹ አልቻሉምና በታይታኒየም ተተኩ። በ1971 ኩባንያው ለደረሰበት ኪሳራ ይህ ሞተር ያስወጣው ወጪ ዋነኛ ምክንያት ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1981፣ ማክላረን የፎርሙላ ዋን መኪናውን ዋና አካል በሙሉ ከካርቦን ፋይበር ሠራ። በዚያው ዓመት በሞንዛ ውድድር ላይ ሾፌሩ ጆን ዋትሰን ክፉኛ ተጋጨ፤ ሞተሩ ተገንጥሎ ሲሄድ እርሱ ግን ከመኪናው ወጥቶ በእግሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ሁሉ ተከተሉ። ወደ አገራችን ሲመጣም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ ወር 2012 እ.ኤ.አ. የተረከበው የመጀመሪያው ቦይንግ 787 የአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ ከእንደዚህ ያለ ድብልቅ ነገር የተሠራ ነው። እንግዲህ በላያችን እየበረረ ነው ማለት ነው።

ለኮፈን ምን ይረባል ለሚል ሰው ሒሳቡን እናሳየው። የመኪና ላሜራ ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር እንበል። አንድ ካሬ ሜትሩ 6.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከካርቦንና ከኢፖክሲ ሬዚን የተሠራ የ1.5 ሚሊሜትር ዝርግ ደግሞ አንድ ካሬ ሜትሩ 2.3 ኪሎ እንኳ አይሞላም። «ለስላሳ አይሆንም ወይ?» ለሚለው መልሱ ውፍረት ላይ ነው። አንድ ዝርግ ነገር አልታጠፍም የሚልበት ኃይል ከውፍረቱ ጋር በኩብ ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በእጅ የተደረበው የካርቦን ዝርግ በጠባዩ ከብረት አራት ጊዜ ያህል ቢለሰልስም፣ ወፈር በማለቱ ብቻ ከብረቱ ይበልጥ ግትር ሆኖ፣ ክብደቱ ግን ከግማሽ በታች ሆኖ ይገኛል። የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን ይህን በወረቀት ቢያረጋግጡት ደስ ይለናል። ፋብሪካዎቹም ዝም ብለው አይደለም የሄዱበት፤ ኒሳን በ2000 ለስካይላይን ጂቲአር፣ ሸቭሮሌ በ2004 ለአንድ ልዩ ኮርቬት የካርቦን ኮፈን አድርገዋል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ።

ጨርቁ ወደ ተቋማችን የገባው ከዓመታት በፊት በእርዳታ ከመጡ ዕቃዎች ጋር ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ ሜትር ተኩል ሲሆን በላስቲክ ተጠቅልሎ ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቁም ሣጥኑ ይከፈታል፤ ጨርቁ ይዳሰሳል፤ «አይ ቅለቱ!» ይባላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቆለፍበታል። ከእኛ በፊት የነበሩት ሠልጣኞች ሁሉ ያዩት በመስተዋት ውስጥ ነው።

ከመካከላችን ገሚሶቹ እንዲህ እንዳለ ይቆይ አሉ። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። «ይህ ጨርቅ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ሌላ አይመጣም። የሚመጣው ዓመት ሠልጣኝ ምን ይይ? እኛ አንድ ኮፈን ሠርተን ፎቶ እንነሣለን፣ ከኛ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቁም ሣጥን ይወርሳል» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «ሬዚን ያልነካው ካርቦን ጨርቅ ነው እንጂ ካርቦን ፋይበር አይባልም። እስካሁን የታየው ነገሩ ሳይሆን ግማሹ ነው። ጭድ አሳይቶ ቤት አስተማርኩ ይባላል?» ሲሉ መለሱ። ክርክሩ በካፌም በመኝታ ክፍልም ሳይቋረጥ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

በመካከሉ ንብረት ክፍል ነበረ። እኛ በፍቅር «ጋሼ ሞዴል» የምንላቸው የንብረት ክፍሉ ሰው ጉዳዩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «ስሙኝ ልጆቼ፣ ይህ በመዝገብ ላይ ቋሚ ዕቃ ነው፣ አላቂ አይደለም። በሞዴል 22 ወጪ አድርጌ ብሰጣችሁ፣ ነገ ኦዲተር መጥቶ 4 ሜትር ጨርቅ አምጣ ሲለኝ ኮፈን ላሳየው ነው?» አሉን። ሳቅን እንጂ መልስ አልነበረንም። ከልቡ ላሰበው ሰው እኮ የሳቸውና የጓደኞቻችን ጥያቄ አንድ ነው፤ ከዚህ ሥራ በኋላ በተቋሙ እጅ የሚቀረው ምንድን ነው?

መምህራችን ለሁለቱም ወገን አልፈረዱም። «መጀመሪያ ፎርማውን ሥሩና አምጡ። ስለ ጨርቁ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብለው ብቻ ሄዱ። እኛም ሥራውን የምናውቅ መስሎን የነበረው እስከዚያ ቀን ድረስ ነው።

የፎርማ ሥራ ነገርን ሁሉ ወደ ኋላ እንድታስብ ያስገድዳል። ላሜራ የሚቀጠቅጥ ሰው መጀመሪያ ቅርጹን ያወጣል፣ ቀጥሎ ስቱኮ ይቀባል፣ ቀለሙ መጨረሻ ይመጣል። በፎርማ ሥራ ግን መጀመሪያ የሚሠራው የውጩ ፊት ነው፤ ሆዱ መጨረሻ ይመጣል። ደግሞም ፎርማ ይቅርታ አያውቅም። በፊቱ ላይ አንዲት ጭረት ብትኖር፣ ከእርሱ በሚወጣው ኮፈን ሁሉ ላይ ያቺው ጭረት አለች፤ የጣት አሻራ ቢቀርበት የጣት አሻራ ይወልዳል።

ስለዚህ የላዳዋን ብረት ኮፈን አወረድን። ዕድሜ ያደረገውን ጉድጓድ ሁሉ በስቱኮ ሞላን፤ በብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠብን በ400 ቁጥር፣ ከዚያ በ800፣ ከዚያ በ1200 ፈተግን። በእጃችን ስንዳብሰው ለስልሶ ነበር፤ መምህራችን ግን ወደ መስኮቱ ወስደው የመስኮቱን ብረት ጥላ በላዩ ላይ አሳዩን። ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር ኮፈኑ ላይ ይወዛወዛል። እጅ ያልያዘውን ብርሃን ይዞታል ማለት ነው። እንደገና ፈተግን። ይህን ስንሠራ የሰነበትንበትን ቀን ብንቆጥር ጨርቁን ለመደረብ ከፈጀብን ጊዜ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ቀጥሎ ሰም። አንድ ጊዜ ቀብቶ መጥረግ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ንብርብር እስኪደርቅ እየተጠበቀ ስድስት ጊዜ ተቀባ። በላዩ ፒቪኤ የሚባለው፣ በውኃ የሚታጠብ ቀጭን የመለያያ ሽፋን ተረጨ። ዙሪያውን በኮምፔንሳቶ ጠርዝ አበጀንለት፤ ጠርዝ የሌለው ፎርማ ላይ ጨርቁ የሚያልቅበት ቦታ አይኖርም። ከዚያ ጄልኮት የሚባለውን ወፍራም የፊት ሬዚን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቀባን፤ ጣት ሲነካው እስኪያጣብቅ፣ ግን ጣት ላይ እስከማይቀር ጠበቅን። በላዩ ቀጭኑ ፋይበር ግላስ፣ ከዚያ ወፍራሙ፣ ንብርብር በንብርብር ተደረበ። ፎርማው ከሚወለድበት ኮፈን ሁለት ሦስት እጥፍ መወፈር አለበት፤ አለበለዚያ ጠምዘዝ ይላል። ጀርባውን በእንጨት አጋር ደግፈን አንድ ሳምንት ተውነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቅበትና ቶሎ ያወጣዋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሲላቀቅ የሰማነው ድምፅ ከጆሯችን አይጠፋም። በጠርዙ የእንጨት ሽብልቅ ገባ፣ ውኃ ፈሰሰበት፣ ከዚያ «ጧ!» አለና አየር ገባ። ገልብጠን ስናየው የላዳዋ ኮፈን ጉድጓድ ሆኖ፣ እንደ መስተዋት እያብለጨለጨ ተኝቷል።

መምህራችን አሁንም ጨርቁን አላነሡም። «ከፋይበር ግላስ ሁለት አውጡ» አሉ። ፋይበር ግላሱንና ፖሊስተር ሬዚኑን ከገበያ ገዛን። እዚህ ላይ ለሚመጡት ሠልጣኞች ማስጠንቀቂያ እናስገባ። ፖሊስተር ሬዚን የሚደነድነው ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ በሚሆን ፐርኦክሳይድ ነው። ይህ ፐርኦክሳይድ ዓይን ያሳውራል። ኮባልት ከሚባለው ማፋጠኛ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ደግሞ ይፈነዳል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በሬዚኑ ውስጥ ብቻ ነው፣ ያውም አንዱ በደንብ ከተማሰለ በኋላ። ሽታው ስታይሪን ነው፤ ራስ ያዞራል። ስለዚህ ሥራውን ከቤት አውጥተን በኮርኒስ ጥላ ሥር፣ መነጽርና ጓንት አድርገን ሠራን። መምህራችን ሆን ብለው የተረፈ ሬዚን በኩባያ ተዉና እንድናየው ጠሩን። ሳህን ላይ ተዘርግቶ የነበረው ረጋ ብሎ ሲደርቅ፣ በኩባያ የተከማቸው ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ጭስ ማውጣት ጀመረ። «ተማሪዎቻችሁ ይህን ሳያዩ ብሩሽ አትስጧቸው» አሉን። ያቺን ኩባያ ከመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ አብልጠን እናስታውሳታለን።

ሁለቱ የፋይበር ግላስ ኮፈኖች ከፎርማው ሲወጡ ክርክሩ ሳናስበው መልኩን ለወጠ። ጨርቁ ይቆይ ባዮቹን ትመራ የነበረችው ጓደኛችን ሁለተኛው ሲወጣ ቆማ አየችና፣ «እንግዲህ ይኸው ከዚህ ጉድጓድ የፈለግነውን ያህል ኮፈን ይወጣል። ጨርቁ ቢያልቅም ይህ አያልቅም። የፈራሁት ባዶ ቁም ሣጥን ነበረ፤ ቁም ሣጥኑ እኮ ባዶ አይሆንም» አለች። ከዚያ በኋላ የቀረው ክርክር ጨርቁ ይቆረጥ አይቆረጥ ሳይሆን ምን ያህል ይቆረጥ የሚል ሆነ።

ሁለት ቁራጭ ተባለ፣ እያንዳንዱ ሜትር ከሃያ። ሁለት ንብርብር ብቻውን ኮፈን አይሆንም፤ ይሳሳል። ስለዚህ አንዱን ካርቦን በውጩ ፊት፣ ሌላውን በሆዱ በኩል አድርገን በመካከላቸው አራት ንብርብር የተሸመነ ፋይበር ግላስ አስገባን። ይህ ጨርቅ ለመቆጠብ ብቻ የተደረገ አይደለም። አንድ ነገር ሲታጠፍ የሚጨነቀው ሁለቱ ፊቶቹ ናቸው፤ መካከሉ እምብዛም አይሠራም። ጠንካራውን ክር ጭንቀቱ ባለበት፣ ርካሹን በመካከል ማድረግ የብረት ድልድይ ሠሪዎች ሳይቀሩ የሚያውቁት ዘዴ ነው። የተሸመነ ያልነው ደግሞ በምክንያት ነው። ተበታትኖ የተነጠፈውን ዓይነት ፋይበር ግላስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያያይዘው ዱቄት ወይም ሙጫ በስታይሪን የሚሟሟ ነው፤ ለካርቦኑ የምንጠቀምበት ኢፖክሲ ግን ስታይሪን የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከመካከላችን የአንዱ ዘመድ ከከተማችን ሱቆች በአንዱ «ካርቦን» ተብሎ የተሸጠለትን ኮፈን ወርክሾፑ ድረስ አምጥቶልን ነበር። ጠርዙን ብንፈትገው አንድ ስስ ጥቁር ሽፋን፣ ከሥሩ ሙሉ በሙሉ ፋይበር ግላስ ሆኖ ተገኘ። ማደባለቁ ነውር የለውም፤ እኛም አደባልቀናል። ነውሩ በካርቦን ዋጋ ሸጦ ዝም ማለቱ ነው። የእኛው ኮፈን ሆዱ ላይ ምን ከምን እንደተደረበ በቀለም ተጽፎበታል።

የድረባው ቀን እያንዳንዱ ሰው ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። ሁለት በሚዛን፣ ሁለት በመቀስ፣ አራት በብሩሽና በሩሎ፣ አንድ በሰዓት። የእኛ ኢፖክሲ 100 እጅ ሬዚን ለ30 እጅ ማጠንከሪያ የሚል ነው፤ እንደ ፖሊስተሩ «ዛሬ ብርድ ነውና ትንሽ ልጨምርበት» አይባልም። በዚህ ሥራ ላይ ግምት የለም። ጨርቁ በ45 ዲግሪ ሲጎተት እንደ ቀሚስ ስለሚለጠጥ ከኮፈኑ ጥምዝ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በእጅ ሲጨማደድ ግን የሽመናው መስመር ይጣመማል፣ ያም ከወጣ በኋላ ለዘላለም ይታያል። ሬዚኑ በዝቶ ክብደት እንዳይሆን ላስቲክ አልብሰን፣ ጠርዙን በማስቲሽ ዘግተን፣ ከአሮጌ ፍሪጅ በወጣ ኮምፕሬሰር አየሩን መጠጥን።

ታዲያ ሰዓቱ 0.76 ባር ላይ ሲደርስ ቆመ። ኮምፕሬሰሩ ደከመ፣ ላስቲኩ ሾልኳል፣ ጠርዙ ተከፍቷል ተባለ፤ ዙሪያውን በጆሮ አዳመጥን፣ ምንም የለም። በዚያ ያልፍ የነበረ የፊዚክስ ክፍል ሠልጣኝ ጠጋ ብሎ አየና ሳቀ። «ምን ፈልጋችሁ ነው? ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል?» አለ። ነገሩ ልክ ነው። ላስቲኩን የሚጫነው ፓምፑ ሳይሆን የውጩ አየር ነው። በባሕር ጠረፍ አየር አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ10 ቶን በላይ ይጫናል፤ በእኛ በ2400 ሜትር ከፍታ ግን 7.7 ቶን ገደማ ብቻ ነው። በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ የሚጻፈውን ቁጥር እዚህ ደጋ ላይ ማንም አያገኘውም። ቆላ የሚመደቡ ጓደኞቻችን ከእኛ የተሻለ ይጫንላቸዋል ማለት ነው፤ ለቆላው አንድ ነጥብ።

በበነጋው ወጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ እንለፈው። በክፍል ሙቀት ብቻ የደነደነ ኢፖክሲ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ጥቁር ኮፈን በፀሐይና በሞተር መካከል ሆኖ ይህን ሙቀት አያጣውም። ስለዚህ በፎርማው ላይ እንዳለ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቀስ በቀስ አሞቅነው። ካርቦን ብረትን ሲነካ እርጥበት ካገኘው እንደ ባትሪ ሆኖ ብረቱን ያስበላዋል፤ በማጠፊያዎቹ ሥር ፋይበር ግላስ ጣልቃ ገባ። ሲፈተግ የሚወጣው ዱቄት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያንም ያቃጥላል፤ በውኃ ተፈተገ። ፀሐይ እንዳያቢጨው ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ተቀባ።

የላዳ ኮፈን ማጠፊያው ከፊት፣ መቆለፊያው ከመስተዋቱ በኩል ነው፤ ነፋስ ቢያገኘው ይዘጋዋል እንጂ አያነሣውም። የብዙዎቹ መኪናዎች ግን በተቃራኒው ስለሆነ፣ ቀላል ኮፈን በእነርሱ ላይ የሚገጥም ሰው ሁለተኛዋን የመጠባበቂያ መንጠቆ ነቅሎ እንዳይጥል አደራ እንላለን። በግጭት ጊዜም ብረት ይታጠፋል፣ ካርቦን ይሰባበራል፤ በዚህ በኩል ብረቱ ይሻላል የሚሉትን አንከራከራቸውም። የተሰበረውም፣ ከመጀመሪያው እንዳልነው፣ ቀልጦ ሌላ ነገር አይሆንም። ቁርጥራጩ በጆንያ ተከማችቶ ከወርክሾፑ ጀርባ አለ፤ ምን እንደምናደርገው ገና ተነጋግረን አልጨረስንም።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጥያቄ። በተመደብንበት ሁሉ ካርቦን እናገኛለን ብለን አንዋሽም፤ አናገኝም። ነገር ግን ምሥራቅ ጀርመኖች የመኪና ላሜራ ሲያጥራቸው ከጥጥ ፋብሪካ ውዳቂና ከፌኖል ሬዚን ዱሮፕላስት የሚባል ነገር ሠርተው፣ ትራባንት የምትባለውን መኪና ኮፈኗን ጨምሮ አለበሷት። ከ1957 እስከ 1991 ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ቅንጡ መኪና አልነበረችም፤ ሄዳለች ግን። እነርሱን ያወጣቸው የጨርቁ ዓይነት ሳይሆን ፎርማውና መጫኛው ነው። እኛም ሞርሳ በሌለበት ትምህርት ቤት ሰም፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ አሮጌ ኮፈንና ጥቂት ፋይበር ግላስ ካገኘን፣ መስመሩን በመስኮት ብርሃን ማየት የሚችል ተማሪ ማውጣት አያቅተንም። ያን ማየት የሚችል ተማሪ የውኃ ታንከርም፣ የወንበር መቀመጫም፣ የአምቡላንስ ፓራፋንጎም ይሠራል።

ጋሼ ሞዴል በመጨረሻ ወርክሾፑ ድረስ መጥተው ነበር። ኮፈኑን በአንድ እጃቸው አንሥተው «ይህማ ትሪ ነው» አሉ። ቀጥሎ ፎርማውን ዙሪያውን ዞረው አዩት፣ ጠርዙን አንኳኩት፣ ስንት ኮፈን እንደሚያወጣ ጠየቁን። ከዚያ ብዕራቸውን አውጥተው ፎርማውን በሞዴል 19 ገቢ አደረጉት፤ ቋሚ ዕቃ ብለው። የተረፈው 1 ሜትር ከ60 ጨርቅ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመልሷል። ኮፈኑ ግን የላዳዋ ስለሆነ ለብቻው አይመዘገብም ተብሏል።

ፎርማው ከብየዳ ጠረጴዛዎቹ ጀርባ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ አለ። ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ ግሪስ በነካው እጅ ግን እንዳይነካብን።